አቦል ያልደረሰው ልጅ

ባለፈው ክረምት አዘዞ፣ እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ሰው ሞልቷል። የእህቴ ልጅ አቦሉን እያዞረች እኔ ጋ ስትደርስ ሲኒ አለቀ። «አጎቴ፣ ታጥቦ ይመጣልሃል» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። በቃ፣ የሆነው ይኸው ነው።

እኔ ግን ሆዴ ባሰኝ። ጨዋታው ሁሉ ጠፋብኝ። ቡናው ሲመጣ «ይቅርብኝ፣ እንቅልፍ ይነሳኛል» አልኩ። በማግስቱ እህቴ ስትደውል ስልኬን አላነሳሁም። 42 ዓመቴ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። የሰው ሒሳብ እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ። በአንድ ሲኒ ቡና ሁለት ቀን አኮረፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ከጎንደር ፒያሳ ወደ ቤት በእግሬ ስወርድ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሆነን እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ እንገባለን። ትልልቆቹ በልተው ሲጨርሱ የተረፈው ለእኛ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ አንዳንዴ አይተርፍም። ሳይተርፍ ሲቀር «እናንተስ?» የሚል የለም። ራስህ ከጠየቅህ ደግሞ «ሆዳም» ትባላለህ። አዘዞ ላይ ያኮረፈው እንግዲህ ያ ጓዳ ተቀምጦ መሶቡ እስኪመለስ የሚጠብቀው የሰባት ዓመት ልጅ ነው።

የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን ነገር «የውስጥ ልጅ» ይሉታል። ሰሞኑን ቲክቶክ ላይም ዩቲዩብ ላይም «የውስጥ ልጅህን ፈውስ» የማይል ሰው ጠፍቷል። ግማሹ ቁም ነገር ነው፣ ግማሹ ንግድ። እኔም ባለሙያ አይደለሁም፤ ከዚያች ሲኒ በኋላ ሳነብና ስጠይቅ የከረምኩ ሰው ነኝ። የገባኝን በእኛ አማርኛ ላፍታታው።

«የውስጥ ልጅ» የበሽታ ስም አይደለም። ሐኪም ካርድ ላይ አይጽፈውም። አንድ ወዳጄ እንደፈራው ሰው ላይ የሚያድር መንፈስም አይደለም። አነጋገር ነው፤ አንድን ነገር ለመያዝ የሚያመች እጀታ በሉት። የሚይዘው ነገር ግን እውነተኛ ነው፦ በልጅነታችን የተማርነው ፍርሃት፣ ያኔ የጎደለን ነገር፣ ያኔ ለራሳችን ያወጣነው ሕግ። እኛ አደግን፤ እነሱ እዚያው ዕድሜያቸው ላይ ናቸው። የሆነ ነገር ሲነካቸው ብድግ ይላሉ።

ስሙ ከፈረንጅ ይምጣ እንጂ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይመስለኝም። በአማርኛ «ተቆጣሁ» ስንል የተቆጣነው እኛ ነን። «ሆዴ ባሰኝ» ስንል ግን የባሰው ሆድ ነው። ሆድ ራሱን የቻለ ሰው ነው እኮ! ይብሰዋል፣ ባር ባር ይለዋል፣ ይሸበራል። ሚስጥር ሲበዛም «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ያን ልጅ አያቶቻችንም ያውቁት ነበር፤ አድራሻውን ሆድ ብለው አስቀመጡት።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1940 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በፈረንጅ ናቸው) «ልጅ» የሚባለው ምስል በሰው አእምሮ ውስጥ ስላለው ቦታ ጽፏል። የእሱ አጻጻፍ ጥልቅ ነው፣ ከባድም ነው። ለተራ ሰው የቀረበውን ያመጣው ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ የሠራው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኤሪክ በርን ነው። በርን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እንዳስረዳው እያንዳንዳችን ውስጥ ሦስት ዓይነት አኳኋን አለ፦ ወላጅ፣ አዋቂ እና ልጅ። በአንድ ቀን ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንዘል እንውላለን።

ይህን ለማየት ባጃጅ መሳፈር ይበቃል። ሹፌሩ ከለመዳችሁት ዋጋ በላይ ጠየቀ እንበል። «አታፍርም? የማን ልጅ ነህ?» ካላችሁት የተናገረው ወላጁ ነው። ፊታችሁን አጥቁራችሁ፣ ብሩን ወርውራችሁ፣ «ሁሌ እኔን ነው የሚያታልሉኝ» እያላችሁ ከወረዳችሁ ልጁ ነው። «ታሪፉ ስንት ነው?» ካላችሁ አዋቂው ነው። በርን ልጁ ይጥፋ አላለም። ጨዋታውም፣ ሳቁም፣ አዲስ ነገር መፍጠሩም ያለው ልጁ ጋ ነውና። ችግሩ የሚመጣው መሪውን እሱ የያዘ ቀን ነው።

የልጅነት ነገር ለምን እንዲህ ይጣበቃል? «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ተረቱ ከሳይንሱ ብዙም አልራቀም። ከሦስት ዓመታችን በፊት የሆነውን በታሪክ መልክ የምናስታውስ እምብዛም የለንም። ሰውነታችን ግን ያን ጊዜም ይማር ነበር። የበር ድምፅ ሲሰማ አባት ሰክሮ መጣ ወይስ በደህና መጣ? ሳለቅስ ይነሱልኛል ወይስ ዝም ይሉኛል? ልጁ መልሱን በቃል አይይዘውም፤ በትከሻው፣ በሆዱ፣ በልብ ምቱ ይይዘዋል። ስለዚህ ካደገ በኋላ ሲመጣበት ትዝታ አይመስለውም። አሁን፣ እዚህ፣ እየሆነ ያለ ነገር ነው የሚመስለው። እኔም አዘዞ ላይ ጓዳው ትዝ ብሎኝ አልነበረም፤ የእህቴ ልጅ የናቀችኝ ነበር የመሰለኝ።

ልጅ ከአሳዳጊው ጋር ያለውን ትስስር የሚያጠናውን ዘርፍ ካቆሙት ጥናቶች አንዱ የተሠራው እዚሁ አፍሪካ፣ ዩጋንዳ ውስጥ መሆኑን ሳነብ ገርሞኛል። ሜሪ አይንስወርዝ የተባለች ተመራማሪ በ1950ዎቹ አጋማሽ ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ለወራት ተመለከተች። ያየችው እኛም በየቡናው የምናየውን ነው። ሕፃኑ እናቱ ቀሚስ ሥር ይቀመጣል። ትንሽ ሲቆይ ወጣ ብሎ ድስቱን ይነካካል፣ ዶሮ ያባርራል። የማያውቀው ሰው ሲገባ ሮጦ ቀሚሷን ይይዛል። ሲረጋጋ መልሶ ይወጣል። የቀሚሱ መኖር ነው ርቆ እንዲሄድ ያስቻለው። ቀሚሱ አንዴ ኖሮ አንዴ የሚጠፋበት ልጅ ግን ወይ ሙጭጭ ይላል፣ ወይ «አልፈልግም» ማለት ይለምዳል። እንግሊዛዊው ጆን ቦውልቢ ከእሷ ጋር ሆኖ ይህን ወደ ሙሉ ትምህርት አሳደገው።

የጎዳው ነገር ከባድ ሲሆን ደግሞ መዘዙ እስከ አካል ይደርሳል። በአሜሪካ ሳንዲያጎ ቪንሰንት ፌሊቲ የተባለ ሐኪም በ1980ዎቹ ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎችን ያክም ነበር። ክብደት እየቀነሱ የነበሩ ሰዎች በመሃል ሕክምናውን ጥለው ይሄዱበታል። ለምን ብሎ ሲጠይቅ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ጥቃት የደረሰባቸው ሆነው አገኛቸው። ለአንዳንዶቹ ውፍረቱ መከለያቸው ነበር። ከዚያ ተነስቶ ከሮበርት አንዳ ጋር ከ17,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ሠሩ። የመጀመሪያው ውጤት በ1998 ታተመ። ከተሳታፊዎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ ዓይነት የልጅነት መከራ ነበራቸው፤ መደብደብ፣ መጣል፣ ቤት ውስጥ ጠጪ ወይም የታሰረ ሰው መኖር፣ የመሳሰለው። የመከራው ዓይነት በበዛ ቁጥር ሲያድጉ የመጠጥ ሱስ፣ የድብርት፣ የልብ በሽታም ዕድል ከፍ ይላል። ዕድሉ ከፍ ይላል ነው የተባለው። ዕጣ ፈንታህ ተጽፏል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ይሰማና «አለቀልኝ» ይላል፤ አላለቀለትም።

አሁን ሕግ ወዳልኩት ልመለስ፤ ለእኔ ቁልፉ እዚያ ነው። ልጅ ሁሉንም ነገር ከራሱ ጋር ያያይዛል። አባቱ ሥራ ቦታ ተጣልቶ ፊቱን አጥቁሮ ቢገባ ልጁ «እኔ ምን አጠፋሁ?» ይላል። «አባቴ ክፉ ነው» ብሎ ማሰብ ያስፈራዋል። ከክፉ ሰው ጋር ማን ይኖራል? «እኔ ነኝ ክፉው» ቢል ይሻለዋል። እኔ ከሆንኩ ራሴን አስተካክላለሁ፣ ያኔ ይወደኛል። እንዲህ እያለ ሕግ ያወጣል። አትጠይቅ። አትሳሳት። አታልቅስ። ሰው ከመናገሩ በፊት ፊቱን አንብብ። የእኔ ሕግ «አትጠይቅ፣ የተረፈህን ጠብቅ» ነበር።

ፋሲል መዋኛ የሄደ ሰው ግንቡን ያቀፉትን የዛፍ ሥሮች ያውቃቸዋል። ሥሩ ድንጋዩ መሃል ገብቶ፣ ወርዶ፣ ተጠላልፎ ራሱ ግንብ ሆኗል። አንዱ ጋ ድንጋዩን ይገፋል፣ ሌላው ጋ ደግፎ የያዘ ይመስላል። መጥረቢያ ይዞ ሄዶ መገንደስ አይቻልም። «አትጠይቅ» የሚለው ሕጌም እንደዚያው ነው። ጠንቃቃ አድርጎኛል፣ የሰው እጅ ከማየት አድኖኛል። በዚያው መጠን ደግሞ የደከምኩበትን ዋጋ አፌን ሞልቼ ጠይቄ አላውቅም። ደንበኛ «ትንሽ ቀንስልኝ» ሲለኝ ገና ሳይጨርስ እቀንሳለሁ። ሚስቴም «የምትፈልገውን ንገረኝ እንጂ፣ ጠንቋይ አይደለሁም» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ሕጉን የሚያስከብር ድምፅም አለ። ስትሳሳቱ ውስጣችሁ ምን ይላል? «ደደብ!» ይላል? «ድሮስ!» ይላል? አድምጡት እስቲ፤ የማን ድምፅ ነው? የእኔ የአንድ አስተማሪዬ ነው። አነጋገሩ፣ ጉሮሮውን የሚጠርገው ሁሉ ሳይቀር። ከዚያ ክፍል ከወጣሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ሰውዬው ግን እስካሁን ደብተሬን ያርማል። ጄፍሪ ያንግ የተባለው አሜሪካዊ ባለሙያ የመሠረተው ሕክምና ይህን ድምፅ «ቀጪ ወላጅ» ብሎ ይጠራዋል። የተጎዳውን ልጅና ቀጪውን ለይቶ ማወቅ፣ ከዚያ በሁለቱ መሃል የሚቆም ጤነኛ አዋቂ ማሳደግ ነው የሕክምናው ሥራ። የውስጥ ልጅ የሚባለው ነገር በደንብ የተፈተነው በዚህ መልኩ ነው። በኔዘርላንድስ ከባድ የስብዕና መታወክ ባለባቸው ሰዎች ላይ ለሦስት ዓመት ተሞክሮ በ2006 ጥሩ ውጤት ታትሟል። ሦስት ዓመት! «በሰባት ቀን የውስጥ ልጅህን ፈውስ» የሚላችሁን ቪዲዮ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

እንግዲህ ምን ይደረጋል? የመጀመሪያው ሥራ መያዝ ነው። ነገሩ ትንሽ ሆኖ ስሜቱ ትልቅ ሲሆን ቆም ማለት። ጉሮሮ ሲታነቅ፣ ፊት ሲግል፣ ያ የታወቀ ኩርፊያ ሲመጣ «አሁን ስንት ዓመቴ ነው?» ብሎ ራስን መጠየቅ። ቀልድ ይመስላል፤ ግን መልስ ይመጣል። ሰባት። አሥራ አንድ። መልሱ ሲመጣ ነገሩ ይለያል፤ የዛሬው ሲኒ ለብቻው፣ የድሮው መሶብ ለብቻው።

ከዚያ ለዚያ ልጅ መናገር ነው። እዚህ ላይ በትርጉም የሚመጣው ምክር ያስቀኛል። መስታወት ፊት ቆመህ «እኔ በቂ ነኝ» በል ይላሉ። በቂ ምንድነው፣ የወጥ ጨው ነኝ? ጎንደር ያደገ ልጅ በዚህ አይጽናናም። እኛ ከዚህ የሚበልጥ አለን። ልጅ ሲወድቅ አንዲት መንገደኛ እናት ምን ትላለች? «እኔን!» ትላለች። በአንተ ፋንታ እኔ ልውደቅ ማለቷ ነው። ቀጥላ «አይዞህ» ትላለች፣ አቧራውን ታራግፍለታለች፣ መንገዷን ትሄዳለች። ያን ልጅ ጓዳው ውስጥ በዓይነ ሕሊና አግኝቶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ፣ «አይዞህ፣ አለሁልህ፣ አሁን የምትጠይቅበት ሰው አለህ» ማለት ነው። መጀመሪያ ያሳፍራል። እኔ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው የሞከርኩት፤ እንባዬ መጣ። ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚለውን ሕግ ያወጣውም ያው ልጅ ነበርና እሱንም አይዞህ አልኩት።

መናገር የሚከብደው ይጻፍ። ጄምስ ፔኔቤከር የተባለ አሜሪካዊ ከ1986 ጀምሮ ባሳተማቸው ጥናቶች ሰዎች የጎዳቸውን ነገር በቀን 15 ደቂቃ ያህል ለተከታታይ አራት ቀን እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። ሲጽፉ ስሜቱ መጀመሪያ ይብሳል፤ ውሎ አድሮ ግን ብዙዎቹን ጠቅሟል። ስትጽፉ በቤት አማርኛ ይሁን። ልጁ የቢሮ አማርኛ አይገባውም። ሆሄ መጠንቀቅ የለም፣ ለማንም አይታይም፣ ከፈለጋችሁ አቃጥሉት። እየጻፋችሁ ትንፋሽ የሚያሳጣ ነገር ከመጣ ግን ደብተሩን ዝጉት።

ጨዋታውንም አትናቁት። ያ ልጅ የተጎዳ ብቻ አይደለም፤ ብይ የሚጫወት፣ የጨርቅ ኳስ የሚሰፋ፣ በቡሄ ዱላ ይዞ ሆያ ሆዬ የሚል ልጅም ነው። እኔ አሁን ከልጄ ጋር ሰኞ ማክሰኞ እዘላለሁ። ጉልበቴ ይጮኻል። ጎረቤቶቼ ያዩኛል፤ ይዩኝ።

ይህን ካልኩ በኋላ መጠንቀቂያዎቹን ሳልናገር ብቀር ደስ አይለኝም። አንደኛ፣ የማታስታውሱትን ነገር ቆፍራችሁ አታውጡ። ትዝታ እንደ ፎቶ ተቀምጦ አይቆይም፤ በተነሳ ቁጥር ይነካካል። ኤሊዛቤት ሎፍተስ የተባለች አሜሪካዊት በ1995 ባሳተመችው ጥናት ከተሳታፊዎቿ አንድ አራተኛ ያህሉ በልጅነታቸው ገበያ አዳራሽ ውስጥ ጠፍተው እንደነበር በሙሉም ሆነ በከፊል አመኑ፤ ያልሆነ ታሪክ ነበር የተነገራቸው። ስለዚህ «አንድ ነገር ተደርጎብህ ሊሆን ይችላል፣ እስቲ አስታውስ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተነሱና ሂዱ። የምታውቁት ይበቃል። ሁለተኛ፣ «የውስጥ ልጄ ነው» ማለት ሰውን ለመሳደብ ፈቃድ አይደለም። እህቴን ሁለት ቀን ያስጨነቅኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ የጠየቅኩትም እኔ ነኝ፤ ሰባት ዓመት ልጅ አልላክሁባትም።

ሦስተኛው የእኛ አገር ነገር ነው። ይህ ትምህርት የተጻፈው መከራው ላለፈላቸው ሰዎች ነው። «ፍርሃቱ የድሮ ነው፣ አሁን ደህና ነህ» ይላል። ባለፉት ዓመታት ጎንደር ላይ የተኩስ ድምፅ ሰምቶ ልቡ የሚመታ ሰው ፍርሃቱ የድሮ አይደለም። ዛሬ የሚጠብቀው ነው። እሱን ልጅነትህን መርምር ማለት ነውር ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደህንነት ነው፣ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነው። እንቅልፍ የነሳው፣ ቅዠት የማይለቀው፣ አረቄ ካልያዘ የማይረጋጋ፣ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ደግሞ ብቻውን አይጻፍ። በልጅነቱ የተደፈረም እንደዚያው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ እዚያ መሄድ እብድ አያሰኝም። ለንስሐ አባት መንገርም መልካም ነው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የቀረው ወላጅ ነው። እንግሊዝኛው ምክር እዚህ ላይ ቸኩሎ «ከጎዱህ ራቅ» ይላል። በእርግጥ መራቅ የሚገባው ጉዳት አለ። ግን ብዙዎቻችን ከእናታችን ጋር አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፤ «አባትህንና እናትህን አክብር» ሲባል ያደግን ነን። ተጎድቻለሁ ማለት መክዳት ይመስለናል። እኔ ሁለቱ የሚጋጩ አይመስለኝም። ዶናልድ ዊኒኮት የተባለው እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም ልጅ እንከን የሌላት እናት አያስፈልገውም፣ ደህና እናት ትበቃዋለች ብሎ ያስተምር ነበር። እናቴ ደህና እናት ነበረች። ጓዳውም ነበረ። ሁለቱንም በአንድ አፍ መናገር ይቻላል፤ ቀኑን መምረጥ ነው እንጂ። ፋሲካ ላይ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ የልጅነት ክስ አይነበብም።

እኔ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን፣ ነገርኳት። ቡናውን እኔ ነበርኩ የማፈላው። ስለ ጓዳው፣ ስለ መሶቡ፣ ሳይተርፍ ስለሚቀርበት ቀን። ትቆጣለች ብዬ ትከሻዬ ተሰብስቦ ነበር። አልተቆጣችም። ፍሙን ትክ ብላ አየችውና «እናንተማ አብራችሁ ነበር የምትጠብቁት» አለች። «እኔ የአማቴን ጓዳ ብቻዬን ነበር የምጠብቀው። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው የዳሩኝ። እማማ ብዬ የምጠራው ሰው አልነበረም። ማን አይዞሽ አለኝ?»

ምን እንደምል ጠፋኝ። «እኔን፣ እማዬ» ነው ያልኩት። አቦሉን ቀድቼ ሰጠኋት። «ስኳር አትጨምርበት» አለችና የዚያን ቤት ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀመረች። በቅሎዋን፣ ሚዜዎቹን፣ የማታውቀውን የጓዳ ሽታ። ቶናው ሲቀዳ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር።